ካሜራን የሚመዝኑ ሁለት ሚዛኖች
የኒኮን ዲ600 ታሪክ ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚሰጠው ትምህርት

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው ዘግኖ ያያል፤ ያሸታል፤ አስቆልቶም ይቀምሳል። ጨርቅ የሚገዛውም በጣቱ ይዳብሰዋል፤ ክሩንም መዝዞ ይመረምራል። ዲጂታል ካሜራ የሚያስመጣ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ዕቃው በሣጥን ታሽጎ ይደርሰዋል፤ በውስጡ ያለውን ሴንሰርና መዝጊያም በዓይኑ አይቶ ደኅንነቱን ለማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመካው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዐዋቂዎች መርምረው የጻፉት ግምገማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ካሜራውን ይዘው ሥራ ላይ የዋሉት ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት ነው።

እነዚህ ሁለት ሚዛኖች ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ። ሳይስማሙ በቀሩ ጊዜ ግን ኪሳራው የሚያርፈው ግምገማውን በጻፈው ሰው ላይ ሳይሆን፣ ዕቃውን በገዛውና በሸጠው ሰው ላይ ነው። ለዚህም ነገር ኒኮን ዲ600 በመባል የታወቀው ካሜራ ከ2012 እስከ 2014 ድረስ ያለፈበት ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕቃው ጠባይ

የካሜራውን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ የአሠራሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤስ ኤል አር የሚባለው የካሜራ ዓይነት በሌንሱ የገባውን ብርሃን በውስጡ በተተከለ መስታወት አንጥሮ፣ ፔንታፕሪዝም በሚባል ብዙ ገጽ ባለው መስተዋት አሳልፎ ወደ ተመልካቹ ዓይን ያደርሳል። ፎቶግራፍ አንሺው ቁልፉን በተጫነ ጊዜ መስታወቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከበስተኋላው ያለው መዝጊያ በሰከንድ ክፍልፋይ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ብርሃኑም ቀድሞ ፊልም ይዘረጋበት በነበረው ስፍራ ላይ በተተከለው ሴንሰር ላይ ያርፋል።

ከዚህ አሠራር አንድ ቁም ነገር ይገኛል። በፊልም ዘመን ከመዝጊያው የተፈናጠረ ጉድፍ ቢኖር፣ ፊልሙ ከእያንዳንዱ ሥዕል በኋላ ስለሚጠቀለል ጉድፉም አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይሄድ ነበር። ሴንሰር ግን ከስፍራው አይነቃነቅም። በላዩ ያረፈ ጉድፍ እስኪጠረግ ድረስ በሚነሣው ሥዕል ሁሉ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መልክ ይታያል። ስለዚህ በዲጂታል ኤስ ኤል አር ካሜራ ዘንድ የሚንቀሳቀሱት ብረታ ብረቶች ንጽሕና ከሌንሱ ጥራት የማያንስ ጉዳይ ነው።

ወደ ገበያ የወጣበት ጊዜ

የኒኮን ኩባንያ ዲ600ን ለዓለም ያስታወቀው ሴፕቴምበር 13 ቀን 2012 ነበር። በአሜሪካ ገበያ ያለ ሌንስ የተቈረጠለት ዋጋ 2,099.95 ዶላር ነው። ከሰባት ወር አስቀድሞ የወጣው ታላቅ ወንድሙ ዲ800 በ2,999.95 ዶላር ይሸጥ ስለ ነበር፣ አዲሱ ካሜራ በ900 ዶላር የረከሰ ሆኖ ቀረበ። ከአራት ቀንም በኋላ የካኖን ኩባንያ ኢኦኤስ 6ዲ የተባለውን ካሜራ በተቀራራቢ ዋጋ አስታወቀ። በዚህም አኳኋን፣ ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልምን ስፋት የሚያህል ካሜራ ለሠርግ አንሺውና ለአነስተኛው ስቱዲዮ የሚቀመስ ዋጋ ላይ ደረሰ።

ዲ600 በወረቀት ላይ ሲታይ ነቀፋ የሚያገኘው ዕቃ አልነበረም። ሴንሰሩ 35.9 በ24 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሲሆን 24.3 ሚሊዮን ፒክሴል ይይዛል። በሰከንድ እስከ 5.5 ሥዕል ያነሣል። ሁለት የኤስ ዲ ሜሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ ይጎርሳል። በአንድ ባትሪ ሙሌት፣ በታወቀው የኢንዱስትሪ መለኪያ መሠረት፣ 900 ያህል ሥዕል ያነሣል። መዝጊያው 150,000 ጊዜ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ የተፈተነ መሆኑንም ፋብሪካው አስታውቋል።

የመርማሪዎቹ ፍርድ

ዕቃው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የመርማሪዎቹ ፍርድ ተሰማ። በ1998 በለንደን የተመሠረተውና በካሜራ ምርመራ ዓለም እጅግ የሚነበበው ዲጂታል ፎቶግራፊ ሪቪው የወርቅ ሽልማት ሰጠው። የሴንሰርን ኀይል በመለካት የታወቀው የፈረንሳዩ ዲኤክስኦ ማርክ ደግሞ 94 ነጥብ ሰጠው። በዚያን ጊዜ ከዚህ በላይ ነጥብ ያገኙት የዚያው ፋብሪካ ዲ800 እና ዲ800ኢ ብቻ ነበሩ።

መርማሪዎቹ ጉድለቶችንም ሳይጠቅሱ አላለፉም። ካሜራው ትኩረቱን የሚያስተካክልባቸው 39 ነጥቦች በመካከለኛው የሥዕል ክፍል ላይ ተጨናንቀው እንደሚገኙ፣ ከፍተኛው የመዝጊያ ፍጥነት ከ4,000 አንድ ሰከንድ እንደማያልፍ፣ በቪዲዮም ጊዜ የሌንሱን ቀዳዳ እንደ ልብ ማጥበብና ማስፋት እንደማይቻል ጽፈዋል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ማስታወቂያዎች ናቸው፤ ለገዢውም ይጠቅማሉ።

የመርማሪዎቹን ሥራ ማጣጣል አይገባም። የሴንሰሩን የቀለም ብዛት፣ በጨለማ የሚሰጠውን የሥዕል ጥራት፣ ከደማቁ ብርሃን እስከ ጥላው ድረስ የሚይዘውን ስፋት በትክክል ለክተዋል። የለኩት ነገርም ዛሬ ድረስ እውነት ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን ልኬታቸው ከሥነ ሥርዐቱ የተነሣ ወሰን አለው። ለምርመራ የሚላከው ካሜራ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የሚቈየውም ለጥቂት ሳምንታት ነው። መርማሪው ሌንሱን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ፣ በሴንሰሩ ላይ ጉድፍ ቢያገኝ ከውጭ የገባ አቧራ ነው ብሎ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ካሜራ ለጥቂት ሳምንታት ያየ ሰው የዚያን ካሜራ ችሎታ ያውቃል፤ ከፋብሪካው የሚወጡት አሥር ሺህ ካሜራዎች በስድስት ወር ውስጥ የሚያሳዩትን ጠባይ ግን ሊያውቅ አይችልም።

በሥራ ላይ የታየው ጉድለት

ካሜራው በገዢዎች እጅ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅሬታ መሰማት ጀመረ። በሰማይ ሥዕል፣ በነጭ ግድግዳና በሙሽራ ነጭ ልብስ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታዩ ነበር። ብዙዎቹም ከሥዕሉ በላይኛው የግራ ማዕዘን አካባቢ የተከማቹ ነበሩ።

ለዚህ ጉዳይ ክብደት የሰጠው አንድ አከራይ ድርጅት ነው። ሌንስሬንታልስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ካሜራና ሌንስ በብዛት ገዝቶ የሚያከራይ ሲሆን፣ ከኪራይ የተመለሰውን ካሜራ ሁሉ መርምሮና ጠርጎ ለሚቀጥለው ደንበኛ ያዘጋጃል። ስለዚህ አንድ ካሜራ ብቻ ሳይሆን የአንድ ዓይነት ብዙ ካሜራዎችን ጎን ለጎን የማየት ዕድል አለው። ይህ ድርጅት በኦክቶበር 2012፣ ዲ600 ከሌሎች ካሜራዎች ይልቅ ጉድፍ እንደሚያበዛና ጉድፉም በአንድ አካባቢ እንደሚከማች በይፋ ጻፈ። ከውጭ የሚገባ አቧራ በአጋጣሚ በየስፍራው ይበተናል እንጂ፣ ካሜራው በተለዋወጠ ቍጥር በአንድ ማዕዘን አይሰበሰብም። ስለዚህ ምንጩ ከካሜራው ውስጥ መሆን እንዳለበት ማሰብ ተገቢ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ነገሩን በቀላል ዘዴ አጣራው። አዲስ ካሜራውን ሌንሱን አንድ ጊዜም ሳይነቅል 1,000 ጊዜ አነሣበት፤ ሥዕሎቹንም በተከታታይ አገጣጥሞ አሳየ። ነጠብጣቦቹ ሥዕሉ በተቈጠረ መጠን እየበዙ ሲሄዱ ታዩ። ሌንሱ ያልተነቀለ ካሜራ ከውጭ አቧራ የሚገባበት ሰፊ በር ስለሌለው፣ ማስረጃው ወደ ውስጥ የሚያመለክት ሆነ። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማንኛውም ባለሱቅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጽመው የሚችለው ነው።

አንዳንድ ገዢዎች ለወራት ያህል ምንም አላየንም ሲሉ፣ ሌሎች በመጀመሪያው ሳምንት ያማርሩ ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። ጉድፉ የሚያርፈው በራሱ በሴንሰሩ ላይ ሳይሆን በላዩ በተለጠፈው ስስ መስተዋት ላይ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የጉድፉን ጥላ ያሟሟዋል። ቀዳዳው ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ሲጠብብ ግን ብርሃኑ በጠባብ መሥመር ስለሚያልፍ ጥላው ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በቤት ውስጥ በሰፊ ቀዳዳ የሰው ፊት የሚያነሣ ባለሙያ ጉድለቱን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል፤ በጠባብ ቀዳዳ ተራራና ሰማይ የሚያነሣው ግን ወዲያው ይደርስበታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

የፋብሪካው መልስ

የኒኮን ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2013 አንድ የቴክኒክ ማስታወቂያ አወጣ። ጥቋቁር ነጠብጣቦች በአንዳንድ ሥዕሎች ላይ እንደታዩ ደንበኞች መናገራቸውን ገልጾ፣ ገዢዎች አስቀድመው በመመሪያው መጽሐፍ እንደተጻፈው ሴንሰሩን እንዲጠርጉ፣ ነጠብጣቡ ካልጠፋ ግን ወደ ኩባንያው የጥገና ጣቢያ እንዲወስዱት መከረ።

በኦክቶበር 2013፣ ዲ600 ከታወቀ አሥራ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ዲ610 የተባለ ካሜራ ወጣ። በሴንሰርና በመልክ ከቀዳሚው የማይለይ ሲሆን፣ አዲስ መዝጊያ ተገጥሞለታል፤ በሰከንድም 6 ሥዕል ያነሣል። ዋጋው 1,999.95 ዶላር ነበር። ገበያውም የመዝጊያውን መለወጥ እንደ ምስክር ቈጠረው።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በፌብሩዋሪ 2014 ኩባንያው ዲ600 ካሜራዎችን ሁሉ፣ የዋስትና ጊዜያቸው ያለፈባቸውን እንኳ ሳይቀር፣ ያለ ክፍያ እንደሚመረምር፣ እንደሚጠርግ፣ መዝጊያውንና ተጓዳኝ ዕቃዎቹንም እንደሚለውጥ አስታወቀ። ማርች 15 ቀን 2014 የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በየዓመቱ ስለ ሸማቾች መብት በሚያቀርበው ዝግጅት የዚህን ካሜራ ጉዳይ ለሕዝብ አቀረበ፤ የሻንጋይ ከተማ የንግድ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ወዲያው ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ።

ፍርዱ በሁለቱም በኩል ሚዛናዊ መሆን አለበት። ዲ600 ከተጠገነ በኋላ መርማሪዎቹ ያመሰገኑት ያው ካሜራ ነው፤ ሴንሰሩ የሚሰጠው ሥዕል አልተለወጠም። ፋብሪካውም ዋስትናው ላለፈበት ዕቃ ጭምር ኀላፊነት መውሰዱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቅሬታ እስከ ነጻው ጥገና ድረስ ከአሥራ ስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ አልፏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በመካከል የቆመው ባለሱቁ ነበር።

በነጋዴው ላይ የሚደርሰው ጉዳት

የጉዳቱን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ባለሱቅ በ2013 ክረምት አሥር ዲ600 ካሜራዎች በመደርደሪያው ላይ ነበሩት እንበል። በመጀመሪያ የመሸጫ ዋጋቸው ቢታሰብ 20,999.50 ዶላር ያወጣሉ። ዲ610 በወጣበት ቀን፣ አዲስ መዝጊያ ያለው ካሜራ በአንድ መቶ ዶላር ረክሶ ቀረበ። ስለዚህ አሥሩን ካሜራ በአዲሱ ዋጋ እንኳ ቢሸጣቸው 1,000 ዶላር ይጐድልበታል። ጉድለት አለበት ተብሎ ስሙ የጠፋውን ዕቃ ደግሞ ከአዲሱ እኩል በሆነ ዋጋ የሚገዛ ስለማይገኝ፣ ቅናሹ ከዚህ መብለጡ ግድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በሒሳብ መዝገብ አይጻፍም። የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ በአንድ ቅዳሜ ያነሣቸውን አንድ ሺህ ሥዕሎች ከነጠብጣብ ለማጽዳት ሌሊቱን ሁሉ በኮምፒዩተር ፊት ሊያድር ይችላል። ይህ ሰው ወቀሳውን የሚያቀርበው በጃፓን ላለው ፋብሪካ ሳይሆን ካሜራውን ለሸጠለት ባለሱቅ ነው። የጥገና ጣቢያ በአገሩ ባይኖር ደግሞ፣ ነጻ የተባለው ጥገና የማጓጓዣውን ወጪና ካሜራው የማይሠራበትን ሳምንታት አይሸፍንም። የውጭ ምንዛሪ በድካም በሚገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግምገማን ማንበብ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግምገማን አለማመን አይደለም፤ ግምገማን ለተጻፈበት ጉዳይ ብቻ ማዋል ነው። አስመጪው አንድ ግምገማ ሲያነብ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢመረምር ይጠቅመዋል።

አንደኛ፤ ግምገማው የተጻፈው መቼ ነው? ዕቃው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የተጻፈ ከሆነ ስለ ካሜራው ችሎታ ይናገራል እንጂ ስለ ጽናቱ ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛ፤ መርማሪው ስንት ካሜራ አይቷል? አንድ ብቻ ከሆነ ጉድለትም ሆነ ደኅንነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአከራይ ድርጅቶችና የጥገና ባለሙያዎች ቃል፣ ምንም እንኳ በነጥብና በሽልማት ያልታጀበ ቢሆን፣ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፤ ነጥቡ የምን ነጥብ ነው? የዲኤክስኦ ማርክ 94 ነጥብ የሴንሰር ነጥብ ነበር። ስለ መዝጊያው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ መለዋወጫው ምንም አይናገርም። ደንበኛው ግን ነጥቡን የመላው ካሜራ ምስክር ወረቀት አድርጎ ይወስደዋል።

አራተኛ፤ ቅሬታው በአንድ መልክ ይደጋገማልን? በየስፍራው ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ጉድለት በአንድ ዓይነት ስፍራ ካዩ፣ ነገሩ ከአጠቃቀም ስሕተት አልፎ የሥሪት ጉዳይ መሆኑ ይጠረጠራል። ቅሬታዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን በማንኛውም ዕቃ ላይ የሚደርስ ነገር ሊሆን ይችላል።

በሥራ ሜዳ መፈተን

ነጋዴው ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ወይም ሁለት ካሜራ በናሙና አስመጥቶ ቢፈትን፣ ከብዙ ጸጸት ይድናል። ፈተናውም ዕቃው በሚሸጥበት አገር የሥራ ጠባይ መሆን አለበት። በቶኪዮ ወይም በሲያትል የተፈተነ ካሜራ በጥር ወር አቧራ በጥምቀት በዓል ላይ አልተፈተነም።

የሴንሰሩን ንጽሕና ለመመርመር የአይ ኤስ ኦውን መጠን ወደ 100 ዝቅ ማድረግ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 22 ማጥበብ፣ ትኩረቱን ሆን ብሎ ማደብዘዝ፣ ከዚያም ጥርት ያለውን ሰማይ ወይም ነጭ ወረቀት ማንሣት ነው። ሥዕሉን በኮምፒዩተር ላይ አጉልቶ ማየትና ነጠብጣቦቹን መቍጠር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሌንሱን ሳይነቅሉ 1,000 ሥዕል አንሥቶ ያንኑ ምርመራ መድገም ነው። ቍጥሩ ከጨመረ፣ በተለይም በአንድ ማዕዘን ከተከማቸ፣ ትእዛዙን ማዘግየት ይበጃል። ለጥገና የሚረዳ አንድ ነገርም አለ፤ ሥዕሉ በሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ በሥዕሉ ላይ ከላይ የሚታየው ጉድፍ በሴንሰሩ ላይ ከታች ነው የሚገኘው።

ቀጥሎ ካሜራውን ለአንድ የታመነ ባለሙያ ሰጥቶ በእውነተኛ ሥራ ላይ ማዋል ይገባል። የሠርግ ቀን ለዚህ የተመቸ ነው። ጧት በሙሽራዋ ቤት ባለው ደካማ ብርሃን፣ ቀትር ላይ በነጭ ልብስና በጥቁር ሱፍ መካከል፣ ማታ በአዳራሹ የኤሌክትሪክ መብራት ሥር ካሜራው ሁሉንም ይፈተናል። ባለሙያው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አስቀድመው ቢጻፉ መልካም ነው፤ ባትሪው እስከ ማታ ደረሰን? ትኩረቱ በጨለማ ዘገየን? ሁለቱም ሜሞሪ ካርዶች ያለ ስሕተት ጻፉን? ድምፁ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላስቸገረምን? ክብደቱ በስምንተኛው ሰዓት ትከሻ አላዛለምን?

ስለ መብራት አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ኀይሉ በሰከንድ 50 ዙር በሚመላለስበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ብዙው የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ፈጣን በሆነ መዝጊያ የተነሡ ሥዕሎች ቀለማቸው አንዱ ከሌላው ሊለያይ ወይም ጥላ ያለበት መሥመር ሊታይባቸው ይችላል። የመዝጊያው ፍጥነት ከ50 አንድ ወይም ከ100 አንድ ሰከንድ ላይ ቢደረግ ችግሩ ይቃለላል። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ደኅናውን ካሜራ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ስለሚችል፣ ሻጩ አስቀድሞ ቢያስረዳው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ስላገለገሉ ካሜራዎች

ዛሬ ይህ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በ2012 ከ16 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ኤስ ኤል አር ካሜራዎች ከአምራቾቹ ወጥተው ነበር። በ2020 ግን ቍጥሩ ወደ 2.4 ሚሊዮን ያህል ዝቅ ብሎ፣ መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡት። ከዚህም የተነሣ ብዙ ባለሙያዎች የቀድሞ ካሜራቸውን ስለሚሸጡ፣ ያገለገሉ የኤስ ኤል አር ካሜራዎች በርካሽ ዋጋ በየገበያው ይገኛሉ። ዲ600 ከነዚህ አንዱ ነው።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ነጋዴ የመዝጊያውን ቈጠራ ይጠይቅ። በኒኮን ካሜራዎች ዘንድ ቍጥሩ በሥዕሉ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ አዲስ የተነሣ አንድ ሥዕል በኮምፒዩተር ላይ በመመርመር ይታወቃል። 150,000 የሚለው የፋብሪካ ፈተና የሞት ቀጠሮ አይደለም፤ ነገር ግን 20,000 የቈጠረውና 140,000 የቈጠረው በአንድ ዋጋ መገዛት የለባቸውም። ዲ600 ከሆነ ደግሞ መዝጊያው ተለውጦ እንደ ሆነ የሚያሳይ የጥገና ደረሰኝ መጠየቅ፣ ደረሰኝ ከሌለም ከላይ የተገለጸውን የ1,000 ሥዕል ፈተና መፈጸም ነው። ፈተናውን በንጽሕና ያለፈ ካሜራ ለጀማሪ ባለሙያ በረከት ነው፤ ሳይፈተን የተገዛው ግን ከመደርደሪያው ሳይነቃነቅ ሊከርም ይችላል።

ስለ ዋስትናና ስለ ውል

ብዙ ካሜራዎች ከአምራቹ ወኪል ውጭ ባለ መንገድ ከአገር ወደ አገር ይሻገራሉ። ዋጋቸው ረከስ ይላል፤ ዋስትናቸው ግን ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሻገርም። የኒኮን የአሜሪካ ቅርንጫፍ በእርሱ በኩል ወደ አሜሪካ ያልገባውን ካሜራ አልጠግንም የሚል ደንብ ይዞ መኖሩ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ አስመጪው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚጸና፣ የቅርቡ የጥገና ጣቢያ የት እንደሚገኝ፣ የመላኪያና የመመለሻ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ።

በውሉም ላይ ከናሙናው በኋላ የሚላከው ዕቃ የሥሪት ጉድለት ቢገኝበት በተወሰነ ቀን ውስጥ የመመለስ መብት ይጻፍ። እያንዳንዱ ካሜራ ያለውን የፋብሪካ ቍጥር ከገዢው ስም ጋር በመዝገብ መያዝም አይዘንጋ። ፋብሪካው በ2014 እንዳደረገው ያለ ክፍያ የሚጠግንበት ጊዜ ቢመጣ፣ መዝገብ ያለው ባለሱቅ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ያስጠግንላቸዋል። በዚህም የነቀፋ ምክንያት የነበረው ዕቃ የወዳጅነት ምክንያት ይሆንለታል። መዝገብ የሌለው ግን ማስታወቂያውን ከደንበኛው አፍ ይሰማል።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደ ተባለው፣ በሽልማትና በነጥብ ብቻ ተማምኖ ሃምሳ ካሜራ የሚያዝዝ ሰው አንድ ወር ቢቈጥብ አንድ ዓመት ሊያባክን ይችላል። ሁለት ናሙና ማስመጣት፣ አንድ ሺህ ሥዕል ማንሣት፣ አንድ የሠርግ ቀን መጠበቅ፣ ሁሉም ተደምሮ የሚጠይቀው ጊዜ ከአንድ ወር አይበልጥም። የጠቅላላውን ትእዛዝ መጠን መወሰን የሚገባውም ከዚህ ወር በኋላ ነው።